እናቴ ሳይክል የተማረችበት ክረምት

ባለፈው መስከረም ለዘመድ ሠርግ ሶዶ ሄጄ ነበር። ከዳሞታ ተራራ የወረደው ጉም ገና ሳይገፈፍ በአንድ ጎሚስታ ደጃፍ ሳልፍ፣ ሰውዬው የተበሳ ካላማዳሪያ ላይ ማስቲሽ ሲቀባ ደረስኩ። ያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ሲነካኝ እግሬ ቀጥ አለ። አጠገቡ ሄልሜት ያደረጉ፣ ሻንጣቸውን በሳይክላቸው ግራና ቀኝ ያሰሩ ወጣቶች ቆመዋል። ከአዲስ አበባ ተነስተው አገር የሚጎበኙ ናቸው፤ ወደ ሃላሌ የሚወስደውን መንገድ ይጠይቃሉ።

«እስከ ኬላው ድረስ ዳገት ይበዛል?» አለ አንደኛው።

«ቁልቁለቱም ይበዛል» አለ ጎሚስታው፣ ከሥራው ቀና ሳይል።

ሳላስበው ሳቅኩ። ልጆቹ ዞር ብለው አዩኝ። ምን ልበላቸው? እናቴ በዚያ መንገድ ላይ የት የት እንደወደቀች ላስጎብኛቸው?

ነገሩ የሆነው አሥር ዓመቴ ላይ ነው። የምንኖረው ቲቸር ዳልኬ ግቢ ውስጥ በተከራየናቸው ሁለት ክፍሎች ነበር። እናቴ የጎንደር ሰው ናት። አዋላጅ ነርስ ሆና ሶዶ ስትመደብ እኔ በጀርባዋ ታዝዬ ነው የመጣሁት። አባቴ አብሮን አልመጣም፤ የሱ ነገር በቤታችን አይነሳም ነበር። ከተማው በሙሉ እናቴን «ሲስተር» ይላታል። ዓለምነሽ የሚለውን ስሟን የምናውቀው እኔ፣ አያቴና የሆስፒታሉ ጸሐፊ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ሶዶ ውስጥ ስትኖር አውቶቡስ እንደምትጠብቅ ሰው ነበር የምትኖረው። ልብሳችን ሻንጣ ውስጥ ነው። ቁም ሳጥን እንግዛ ስላት «ኋላ ማን ይሸከመዋል?» ትለኛለች። ግድግዳው ላይ የጎንደር ግንብ ያለበት ካላንደር ተሰቅሏል፤ ዓመቱ ካለፈ ቆይቷል፣ ግን ማንም እንዲያወርደው አይፈቀድለትም። እንግዳ ሲመጣ ካላንደሩን ያያል፣ እናቴም «እኛ እንግዲህ ግንብ ያለን ሰዎች ነን» ትላለች፤ ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ የምሯን።

በዚያ ሰኔ አጎቴ ከጎንደር ደወለ። እናቴ ወሬውን የነገረችኝ ሹሩባ እየሠራችኝ ነው፤ ፀጉሬ እጇ ውስጥ ስለሆነ የትም መሄድ አልችልም።

«ጎንደር ሆስፒታል ቦታ ተገኝቷል» አለች። «እስከ መስከረም መጨረሻ እመጣለሁ ወይም አልመጣም ማለት አለብኝ።»

«አልመጣም በያቸው።»

«አንገትሽን ቀና አድርጊ» አለችኝና ጠበቅ አድርጋ ጎነጎነችው። መልሷ ይኸው ነበር።

እኔ ጎንደርን የማውቀው በካላንደር ነው። ጓደኞቼ ሶዶ ናቸው። ስጣላም ስጫወትም የሚቀናኝ ወላይትኛ ነው፤ ጎንደር ሄጄ በምን ልጣላ ነው? በዚያ ሰሞን ሌሊት እየነቃሁ ሻንጣው ከግድግዳው ሥር መኖሩን አያለሁ። ከዚያ ደግሞ እንደ ልጅ አሰብኩና መላ አገኘሁ። እናቴ አገሯን ስታነሳ የምታነሳው ግንቡን ነው። እንግዲያው የሚናፍቃት ግንብ ነው። እዚሁ አቅራቢያ ሌላ ግንብ ከተገኘላት ትቀራለች። እንዲህ ያለ ቀላል ነገር እንዴት እስከዛሬ ማንም አላሰበውም ብዬ ተገረምኩ።

ግንቡን ያገኙልኝ ቲቸር ዳልኬ ናቸው። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸውና ልጆቻቸው በየከተማው የተበተኑባቸው ረጅም ቀጭን ሰው ነበሩ። የቀኝ እግር ሱሪያቸውን የሳይክላቸው ካቴና እንዳይበላው ሁልጊዜ ካልሲያቸው ውስጥ ይከቱታል፤ በእግራቸው ሲሄዱም፣ ለጸሎት ሲቆሙም። በየዓመቱ ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ ሲደርስ፣ ሃላሌ አጠገብ ወዳለው የትውልድ መንደራቸው በሳይክል ይሄዳሉ። ሚኒባስ እያለ ለምን ይደክማሉ ሲባሉ «ሚኒባስ ውስጥ የሚታየው የፊተኛው ሰው ማጅራት ነው» ይላሉ።

አንድ ቀን በረንዳቸው ላይ ካቴና ዘይት ሲቀቡ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ስለ መንደራቸው ጠየቅኳቸው።

«እኛ መንደር ስትደርሺ መጀመሪያ የምታገኚው ኬላውን ነው» አሉኝ። «የጥንት ካዎ ያሠራው ኬላ።»

ካዎ ንጉሥ ማለት መሆኑን አውቃለሁ። ኬላም አውቃለሁ። ከሶዶ መውጫ ላይ አለ፤ ሁለት እንጨት፣ በመካከላቸው ፌስታል የታሰረበት ገመድ፣ ገመዱን የሚያወርድና የሚያነሳ ፊሽካ ያንጠለጠለ ሰውዬ፣ በቆመ መኪና መስኮት ላይ የሚረባረቡ አቮካዶ ሻጮች። ስለዚህ ንጉሡ በዓይነ ሕሊናዬ ዘውዱን ደፍቶ፣ ፊሽካውን አንጠልጥሎ፣ ገመዱን ይዞ ቁጭ አለ።

«ሰው ይፈትሻል?» አልኳቸው።

«ማን?»

«ካዎው።»

ቲቸር የዘይቱን ጨርቅ አስቀምጠው ትንሽ አሰቡ። መምህር ናቸውና የልጅ ጥያቄ አይንቁም። «ድሮ ነው እሱ» አሉኝ። «ጠላት እንዳያልፍ። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ ከተራራ ወደ ተራራ የሚሄድ ግንብ ነው።»

ግንብ! ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም። በሩጫ ቤት ገባሁ።

«እማዬ፣ ሃላሌ ግንብ አለ!»

«ግንብስ እኛ ጋ ነው ያለው» አለች፣ ካላንደሩን በአገጯ እያመለከተችኝ። በቃል እንደማይሆን ገባኝ። ወስጄ በዓይኗ ማሳየት ነበረብኝ።

አጋጣሚው ራሱ መጣ። ቲቸር አንድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ቆመው ሲዘምሩ ዞረባቸውና ተቀመጡ። ደም ግፊት ነው ተባለ። ልጆቻቸው ከአዲስ አበባም ከሐዋሳም እየደወሉ «ሲስተር፣ አደራ፣ ዘንድሮ በሳይክል እንዳይሄድ» ብለው እናቴን ያዟት። እናቴ ደግሞ አደራ ሲሰጧት ወታደር ናት። በረንዳቸው ላይ ግፊታቸውን እየለካች ፍርዷን ነገረቻቸው።

«ሃላሌ በሳይክል አይታሰብም።»

«መድኃኒቴን እየዋጥኩ ነው።»

«መንገድ ላይ ቢዞርብዎትስ? ብቻዎን?»

«እንግዲያው ነርስ ይዤ እሄዳለኋ።»

«የትኛዋን ነርስ?»

ቲቸር የግፊት መለኪያው ጨርቅ ክንዳቸው ላይ እንደተጠቀለለ እናቴን አዩአት። እናቴ ወደኋላዋ ዞራ አየች። ከኋላዋ የነበርነው እኔና ዶሮዎቹ ነን።

«እኔ እኮ ሳይክል አልችልም!»

«ይለመዳል» አሉ ቲቸር። «ክረምቱ በሙሉ ከፊታችን ነው።»

እናቴ ሳቀች። አጎቴ ከደወለ ወዲህ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ለምን እሺ እንዳለች ዛሬም በእርግጠኝነት አላውቅም። ምናልባት መሄዴ ካልቀረ አገሩን አንዴ ልየው ብላ ይሆናል። እኔ ግን ጸሎቴ ነው ብዬ ያዝኩት፤ በቲቸርም በእናቴም ቤተ ክርስቲያን ስለጸለይኩ አንዱ መስማቱ አይቀርም ብዬ ነበር።

ትምህርቱ የሚካሄደው ከግቢያችን ጀርባ ባለው የትምህርት ቤት ሜዳ ነው። እናቴ ከሥራ ስትመለስ፣ ዝናቡ ካባራ። ለሷ የቲቸር ሴት ልጅ ትታው የሄደችው ሳይክል ተሰጣት፤ ለእኔ የወንዱ ልጃቸው የልጅነት ሳይክል። እኔ ከሰፈር ልጆች ጋር ስጋልብ ስላደግኩ ለማስተማር ነው የተመደብኩት። እናቴ ቀሚሷን ከላይ፣ የሥራ ሱሪዋን ከታች አድርጋ ትወጣለች። እኔ መቀመጫውን ከኋላ ይዤ በጭቃው ውስጥ እሮጣለሁ። በሜዳው በኩል ወደ ገበያ የሚያልፉ ዝንጅብል ሻጮች ሸክማቸውን አውርደው ያያሉ። «አይዞህ ሲስተር! በርታ!» ይላሉ።

ይህ «አይዞህ» የሚሉት ነገር ለእናቴ የዘወትር ራስ ምታቷ ነበር። አፉን በወላይትኛ የፈታ ሰው አማርኛ ሲናገር ሴቷን ወንድ፣ ወንዱን ሴት ማድረጉ አይገደውም። «ሲስተር መጣ፣ ሲስተር ወጣ» ይሏታል። እሷ አንዳንዱን በሆዷ፣ አንዳንዱን በአፏ ታርማለች። ቲቸር ዳልኬ ሲረጋጉ አማርኛቸው የመጽሐፍ ነው፤ ሲደነግጡ ግን ጥሏቸው ይሄዳል።

«ፍሬን ያዝ! ያዝ እንጂ ሲስተር! ወደ ቦዩ አትሂድ!»

«ያዢ! አትሂጂ ነው የሚባለው!» ብላ ጮኸች እናቴ፤ እያረመቻቸውም ቦዩ ውስጥ ገባች።

ከቦዩ ስትወጣ ከጉልበቷ በታች ቀይ አፈር ነበረች። የሚገርመው አልተቆጣችም። «እንደገና» አለች።

ያ ክረምት ለእኔ የማስቲሽ ሽታ ነው። ሜዳው እሾህ ስለሚበዛበት በየቀኑ አንድ ጎማ ይተነፍሳል። ማታ ማታ በረንዳው ላይ ቲቸር ካላማዳሪያውን ያወጡና ነፍተው ውሃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ ይነክሩታል። የእኔ ሥራ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ጠቁሞ በጣት መያዝ ነው። ጎማው ሊሞት ሲል የመጨረሻ ትንፋሹን የሚተነፍስ ይመስለኝ ስለነበር ጣቴን አጥብቄ እጫነዋለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ማስቲሹ እስኪደርቅ እናቴና ቲቸር ይጨዋወታሉ። ጨዋታቸው ባያልቅ እያልኩ ማስቲሹን ደጋግሜ እየነካሁ «ገና ነው፣ አልደረቀም» እል ነበር።

ከአያቴ ጋር የእሁድ ስልክ አለ።

«ምን እየሠራሽ ነው ልጄ?» ትላለች አያቴ።

«ሳይክል እየተማርኩ ነው እማ።»

አያቴ ጉሮሮዋን ስትጠርግ እኔም እሰማለሁ። ከዚያ «እና መቼ ነው የምትመጪው?»

እናቴ ወደ እኔ ታይና «ገና መስከረም አልደረሰም» ትላለች። ያን ቀን ልምምድ ላይ ሁለት ጊዜ ትወድቃለች።

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን መቀመጫውን ለቀቅኩት። ሳትነግረኝ ለቀቀችኝ ብላ ትጣላኛለች ብዬ ፈርቼ ባለሁበት ቆምኩ። እናቴ አላወቀችም፤ «ያዝሽኝ?» እያለች ሄደች። በጎሉ ዙሪያ ስትዞር እኔን ከሩቅ ቆሜ አየችኝ። ጮኸች፤ ግን አልወደቀችም። ችግሩ ሌላ ነበር። መውረድ አልተማረችም። «እንዴት ነው የሚቆመው? ኧረ እንዴት ነው የሚቆመው?» እያለች ሜዳውን ደጋግማ ዞረችው፤ የዝንጅብል ሻጮቹ ጭብጨባና ሳቅ ሜዳውን ሞላው። ቲቸር ኮፍያቸውን አውልቀው ያውለበልባሉ። እኔ በሳቅና በኩራት መካከል ሆኜ እያለቀስኩ ነበር።

ጊፋታ ሲቃረብ በጠዋት ወጣን። ቲቸር ሳይክላቸውን ይዘው ጸለዩ፤ መንገዱን፣ ፍሬኑን፣ ካላማዳሪያውን፣ የሲስተርን ጉልበት ለጌታ አስረከቡ። እናቴ አማተበች። እኔ ለሁለቱም አሜን አልኩ። መውጫው ላይ ባለ ፊሽካው ሰውዬ ሲያየን ገመዱን ከማንሳቱ በፊት ሰላምታ ሰጠን፤ እናቴ ወገቧን ቀጥ አድርጋ አለፈች።

ወደ ሃላሌ የሚወስደው አገር ወጣ ገባ ነው። አንዱን ጉብታ ጨርሰን ስናይ ሌላው ቆሞ ይጠብቀናል። ዳገቱን ሳይክል እየገፋን በእግር፣ ቁልቁለቱን በሳይክል። ከክረምቱ የተረፈ ውሃ በየመንገዱ ጎን ይሮጣል፣ ስኳር ድንች ተዳፋቱን ሸፍኖታል፣ ከእንሰቱ መሐል የሣር ቤቶች ረጃጅም አናታቸውን አውጥተው ያዩናል፣ አደይ አበባም ወጥቷል። እናቴ ትልቅ ዛፍ ባየች ቁጥር «ቁሙ!» ትልና የቲቸርን ግፊት ትለካለች።

«ወላይታ ይህን ያህል ዛፍ እንዳለው አላውቅም ነበር» አሉ ቲቸር፣ እጅጌያቸውን እየጠቀለሉ።

ቀትር ላይ አንድ ቦኖ ውሃ አጠገብ ስናርፍ ጄሪካን የያዘች ሴት እናቴን ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ጄሪካኑን ለቀቀችው።

«ሲስተር! ሲስተር ነው!» ብላ መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

እናቴ አላስታወሰቻትም፤ ፊቷ ላይ አነበብኩት። ሴትዮዋ ግን አልተቀየመችም። ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ተሸክመው ሶዶ እንዳደረሷት፣ ሌሊቱን በሙሉ ሲስተር እጇን ይዛ እንዳደረች በግማሽ አማርኛ በግማሽ ወላይትኛ እየተረከች፣ ሳይክሎቻችንን እየጎተተች ግቢዋ አስገባችን። የተቀቀለ ቦዬ፣ ድንች የሚመስል ሥር፣ በዳታ በርበሬ ቀረበልን፤ የዳታው ነገር እስከ ጆሮዬ ድረስ አቃጠለኝ። ከዚያ ሴትዮዋ ወደ እንሰቱ ዞራ ተጣራች።

«ሲስተር! ሲስተር፣ ና!»

«አቤት» አለች እናቴ።

«አንተን አይደለም» አለቻት ሴትዮዋ። ከእንሰቱ ውስጥ ባዶ እግሯን የሆነች፣ አፍንጫዋ ያልተጠረገ፣ አራት ዓመት የሚሆናት ልጅ ብቅ አለች።

እናቴ አንዴ ልጅቷን፣ አንዴ ሴትዮዋን አየች። «ስሟ ነው?»

«ስምህን አላወቅንም» አለች ሴትዮዋ፣ ትንሽ አፍራ። «ሁሉ ሰው ሲስተር ሲልህ ሰማን። እኛም ሲስተር አልነው።»

እናቴ መሳቅ ጀመረች። ቦዬው ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ መሐል ላይ ሌላ ነገር ሆነና ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። ትንሿ ሲስተር ምንም ሳይመስላት መጥታ ጭኗ ላይ ተቀመጠች፣ ከእጇም ጎረሰች። ቀናሁ፤ ምን ይደብቀዋል? እናቴን ከሶዶ የማስቀረት ሥራ የእኔ ነበር፣ ይህች ባለ ንፍጥ በአንድ ጉርሻ የቀደመችኝ መሰለኝ።

ስንወጣ እናቴ መንገዱ ዳር ቆማ የመጣንበትን ጉብታ አየች።

«ምጥ የያዛቸውን በዚህ ነው ተሸክመው የሚያመጧቸው?»

«በዚህ ነው» አሉ ቲቸር።

«እኔ የማውቃቸው አልጋ ላይ ነው» አለች። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ 'ለምን ዘገያችሁ' እያልኩ እቆጣቸው ነበር።» መልስ ሳትጠብቅ ሳይክሏን መግፋት ጀመረች።

ያን ቀን ቲቸር ከሚያውቋቸው ሰዎች ዘንድ አደርን። በማግሥቱ ያለው ቁልቁለት የጉዞው ትልቁ ነው። እኔ ደስታ አቅሌን አሳተኝና ፔዳሉን ለቅቄ እግሬን ዘርግቼ ወረድኩ። ከኋላዬ የእናቴ ጩኸት መጣ።

«ፍሬን ያዝ! ያዝ እንጂ ልጄ! ወደ ገደሉ አትሂድ!»

ከታች ስንደርስ ቲቸር ሳይክላቸው ላይ ተደፍተው ይስቃሉ። «ያዢ ነው የሚባለው ሲስተር፣ አትሂጂ!» አሏት። እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። «ለአያትሽ እንዳትነግሪ» አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ዳገት አናት ላይ ቲቸር ሳይክላቸውን አቆሙ።

«ይኸው» አሉ።

«የቱ?» አልኩ።

በእጃቸው አሳዩኝ። ከፊታችን የድንጋይ ክምር ነበር። ሽበት የሸፈነው የሚመስል ጥቁር ድንጋይ፣ በአንዳንድ ቦታ ከቲቸር ቁመት የሚበልጥ፣ በአንዳንድ ቦታ ተንዶ እኔን ወገቤ ላይ የሚደርስ። ጉልላት የለው፣ መስኮት የለው፣ ደረጃ የለው። ላዩ ላይ አንዲት ፍየል ቆማ እያመነዠከች ታየናለች። ክምሩ ሸንተረሩን ይዞ፣ ሸለቆውን ወርዶ፣ በማዶው ተራራ ላይ እየቀጠነ ዓይን እስከሚችለው ይሄዳል። ዛሬ ሳስበው የማንንም ትንፋሽ የሚያቆም ነገር ነው። ያን ቀን ግን የታየኝ ፍየሏ ብቻ ናት።

ሳይክሌን መሬት ላይ ጣልኩት።

«ይሄ ግንብ አይደለም! ካላንደሩ ላይ ያለውን አይመስልም! ግንብ ነው ብለውኝ… አሁን እማዬ ትሄዳለች!» ብዬ አለቀስኩ። ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ግንብ ካየች እንደምትቀር፣ ክረምቱን በሙሉ ለዚህ እንደሮጥኩ፣ ሁሉንም።

እናቴ ጎንበስ ብላ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው። መዳፏ ፍሬን በመያዝ ቆስሏል።

«ግንብ የናፈቀኝ መስሎሽ ነው?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«እኔ እኮ ግንቡ ውስጥ አንድም ቀን ገብቼ አላውቅም» አለች። «በአጥሩ በኩል ነው የማልፈው። ገበያ ስንሄድ።»

«ታዲያ ምንድን ነው የሚናፍቅሽ?»

በነጠላዋ ጫፍ እንባዬን ጠረገችልኝ። «የሚያውቀኝ ሰው» አለችኝ።

ነፋሱ ከሸለቆው እየወጣ በላብ የራሰ ጀርባችንን ያቀዘቅዘዋል። ቲቸር ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዙረው ጎንበስ አሉና ከሣሩ ውስጥ አንድ የወደቀ ድንጋይ አነሱ።

«ይህ ኬላ ጭቃ የለውም፣ ሲሚንቶ የለውም» አሉ፣ ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምሩ። «አንዱ ድንጋይ አንዱን ይዞ ነው የቆመው። ዝናብና ፍየል በየዓመቱ ያወርዱታል። አባቴ ለጊፋታ ሲመጣ አንድ የወደቀ ሳይመልስ ቤት አይገባም ነበር። እኔም አልገባም።» ድንጋያቸውን ክፍተት ፈልገው አስገቡት። ለእኔም ትንሽ ሰጡኝ፤ አፍንጫዬን ጠርጌ አስቀመጥኩት። እናቴን ሲያዩ «ሲስተር እረፉ፣ እንግዳ አይገደድም» አሉ።

እናቴ ግን ከሣሩ ውስጥ መፈለግ ጀምራ ነበር። ካሉት ሁሉ ትልቁን መረጠች፤ ልማዷ ነው። በሁለት እጇ ታቅፋ አምጥታ የተናደው ቦታ ላይ ጫነችው። ተንገዳገደ። አወረደችውና በሌላ ጎኑ ሞከረችው፤ አሁንም ተንገዳገደ። ቲቸር ሊያግዟት ሲጠጉ በክርኗ ከለከለቻቸው። ለሦስተኛ ጊዜ ስታዞረው ድንጋዩ አንድ ድምፅ አሰምቶ ገጥሞ ተቀመጠ። በመዳፏ ገፋችው። አልተነቃነቀም።

«ለሚመጣው ጊፋታ ስመጣ ወድቆ ባገኘው» አለች፣ ጣቷን ድንጋዩ ላይ ቀስራ፣ «ወዮለት!»

ቲቸር ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ሲስተር» አሉ ቀስ ብለው፣ «አንተ ለሚመጣው ጊፋታ ጎንደር አይደለህም እንዴ?»

እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ማን ነው ጎንደር የሚሄደው?» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ነይ፣ ሳይክልሽን አንሺ። ሰው እየጠበቀን ነው።»